ማን ያውቀዋል?



ዛሬ ልነግራችሁ የተነሣሁት ስለ አንድ የካዛንቺስ ልጅ፣ ስለ አንዲት አነስተኛ ከተማና ስለ አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄው አጭር ነው፤ «ይህን ሰው ማን ያውቀዋል?» የሚል ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከእኛ ከከተማው የመንግሥት ሠራተኞች መካከል ይህ ጥያቄ ቢቀርብበት ወዲያው ምስክር ቆጥሮ ሊመልስ የሚችል ስንቱ እንደ ሆነ፣ ንግግሬን ስፈጽም እያንዳንዳችሁ በየልባችሁ እንድትመረምሩት እለምናለሁ።

በውጭ አገር መጻሕፍትና ፊልሞች ዘንድ እጅግ የተለመደ አንድ ታሪክ አለ። በትልቅ ከተማ የሚኖር ጋዜጠኛ ሥራውም ኑሮውም ይሰለቸዋል፤ ለአንድ ዘገባ ወደ ትንሽ ከተማ ይላካል፤ በዚያም ንጹሕ አየር፣ ደግ ሰውና ቆንጆ ልጅ አግኝቶ አዲስ ሕይወት ይጀምራል። ታሪኩ በሠርግ ይፈጸማል። ከሠርጉ በኋላ ስለሚመጣው ሰኞ ግን ማንም አይነግረንም።

በእኛ ሥነ ጽሑፍ መንገዱ እንዲህ አልጋ በአልጋ ሆኖ አያውቅም። በ1958 ዓ.ም. በታተመው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህ ከጎጃም ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ይሰደዳል። በ1962 ዓ.ም. የወጣው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» የተማረ የከተማ ወጣት ወደ ደብረ ሲና አካባቢ ወስዶ ያሳየናል፤ ወጣቱም ያወቀውን ሁሉ ይናገራል፣ ይከራከራል፣ ከሰው ጋር ግን መዋሐድ ያቅተዋል። በ1975 ዓ.ም. በታተመው በበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ውስጥ ደግሞ ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለ ማርያም በአዲስ አበባ እጮኛ እያለችው በ1974 ዓ.ም. ለቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አሥመራ ይሄዳል፤ እዚያም ፊያሜታን ይወዳል። አሥመራ ትንሽ ከተማ አይደለችም፤ ፍቅሩም የተጀመረው በጦርነት መካከል ነበርና በሰላም አልተፈጸመም። ራሱ ደራሲው እንኳ፣ ስመ ጥር ጋዜጠኛ የነበረው በዓሉ፣ ስለ መጽሐፉ ከሥራው ተባሮ በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀርቷል።

እነዚህን መጻሕፍት የጠቀስሁት ለወሬ ማሣመሪያ አይደለም። ደራሲዎቻችን አገር መለወጥ ብቻውን ሰውን እንደማይለውጥ አስቀድመው ያወቁ መሆናቸውን ለማሳየት ነው። የወዳጄም ታሪክ ይህንኑ ያረጋግጣል። ወዳጄ እንደ እኔው የሬዲዮ ሰው ነው። ታሪኩን እንድናገር ፈቅዶልኛል፤ ስሙን እንድጠራ ግን አልፈቀደልኝም።

ወዳጄ የተወለደው ካዛንቺስ ነው። ይህ ስም ከየት እንደ መጣ ታውቁ ይሆናል። በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ኢጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው መኖሪያ የሚሆኑ ቤቶች በዚያ ሠፈር አሠሩ፤ ሥራውን የያዘው ድርጅት በምሕፃረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ነበርና፣ ቤቶቹ «ካዛ ኢንቺስ»፣ ማለትም የኢንቺስ ቤቶች ተባሉ። የአገራችን ሰው ይህን አሳጥሮ ካዛንቺስ አለው። እንግዲህ ሠፈሩ ከስሙ ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ሠፈር ነው ማለት ነው። በኋላም የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚያው ሲመሠረት፣ ካዛንቺስ የዓለም እንግዳ መተላለፊያ ሆነ። ከትልልቁ ሕንፃ ጀርባ ግን፣ እንደ ቂርቆስና እንደ ለገሐር ጓሮዎች ሁሉ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ቤቶች፣ ጠባብ መተላለፊያዎች፣ የጋራ የውሃ ቧንቧና ጠንካራ እድር ያለው ሌላ መንደር ነበረ። ወዳጄ ያደገው በዚህኛው ካዛንቺስ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ በሬዲዮ ሥራ ከገባ በኋላ ግን ኑሮው በፊተኛው ካዛንቺስ ሆነ። ጧት በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ስብሰባ፣ ቀትር ላይ በሆቴል ዐውደ ጥናት፣ ማታ በሌላ አዳራሽ የምረቃ በዓል፤ «ተናገሩ»፣ «አስታወቁ»፣ «አሳሰቡ» እያለ ሲጽፍ ይውላል። ቤት ተከራይቶ ወደ ሌላ ሠፈር ወጣ። የእናቱን ደጅ የሚረግጠው በዓመት በዓል ነው። የእድር መዋጮውን በሰው እጅ ይልካል። ድምፁን በየቀኑ ብዙ ሕዝብ ይሰማዋል፤ የሚኖርበት ግቢ ሰዎች ግን በስሙ አይጠሩትም ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን በክረምት ወደ ደብረ ሲና ተላከ። ደብረ ሲና ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ ትገኛለች። መንገደኛው ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጣርማ በር ተራራ ላይ ዋሻውን ያቋርጣል። ይህም ዋሻ የተፈለፈለው የካዛንቺስ ቤቶች በተሠሩበት በዚያው የወረራ ዘመን ነው። ከዋሻው በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ታች ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜም ጉም ይሸፍነዋል። ከጉሙ ሥር መኪናው ገና ሳይቆም ቆሎ የያዙ ልጆች ከበው ሲጣሩ ይሰማል፤ ያን ጊዜ ደብረ ሲና እንደ ደረሱ ይታወቃል።

የተላከበት ጉዳይ የመሬት መንሸራተት ነበረ። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በደብረ ሲና አካባቢ ብርቱ መንሸራተት ደርሶ ብዙ ቤተ ሰብ ከቀዬው አፈናቅሎ ነበር። ተዳፋቱ ገደላም፣ ዐለቱም የላላ ስለ ሆነ፣ የክረምት ዝናብ ውስጥ ውስጡን ሲጠጣው መሬቱ ከነቤቱ ከነማሳው ይሄዳል። ወዳጄ በተዳፋቱ ላይ የሚኖሩትን ሰዎች አነጋግሮ በሦስተኛው ቀን ሊመለስ ነበረ። መንገድ እንድታሳየውም አንዲት የከተማው አስተማሪ ተሰጠችው።

ግድግዳቸው ተሰንጥቆ በድጋፍ የቆመ ቤት ካላቸው አንድ አዛውንት ዘንድ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጡ። ማታ ሻይ ቤት ሲያርፉ አስተማሪዋ እንዲህ ስትል ጠየቀችው።

«እኒያ አባት ስማቸው ማን ይባላል?»

ወዳጄ ማስታወሻውን አወጣ። የተሰነጠቁት ቤቶች ቍጥር አለ፤ የሞቱት ከብቶች አሉ፤ የማሳው ስፋት አለ። ስም ግን የለም። «አንድ የአካባቢው ነዋሪ» ብሎ ጽፎአል።

«እንግዲያስ ስለ ቤቱ ጠየቁ እንጂ ስለ ሰውየው አልጠየቁም» አለችው።

ወዳጄ ይህን ሲያጫውተኝ፣ «በሥራዬ ብዙ ሰው ነቅፎኛል፤ እንደዚያ ቀን ግን አፍሬ አላውቅም» ብሎኛል። በማግስቱ ጧት በጉም ውስጥ ብቻውን ወደ አዛውንቱ ቤት ተመልሶ ስማቸውን ከነአባታቸው ጠየቀ። አስተማሪዋም ይህን ከሌላ ሰው ሰማች። ፍቅራቸው የተጀመረው በዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ወዳጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ከላምበረት መናኸሪያ መሣፈር ጀመረ። እኛ ባልንጀሮቹ የምናውቀው ሰኞ ጧት በቢሮው ጠረጴዛ ላይ ቆሎ መኖሩን ብቻ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላም በወረዳው አንድ ሥራ አግኝቶ፣ ደመወዙ ዝቅ ብሎ፣ አዲስ አበባን ለቀቀ። በመሥሪያ ቤታችን የተነገረውን ብታዩ! «ምን አጥፍቶ ነው?» የማይል አልነበረም። እኛ ዘንድ ወደ አነስተኛ ከተማ መዛወር ምን ጊዜም እንደ ቅጣት ይቈጠራልና፣ ሰው ወድዶ ይሄዳል ብሎ የሚያምን አልተገኘም።

ቀጥሎም እንደ አገሩ ወግ ሽማግሌ መላክ ነበረበት። ወዳጄ በደብረ ሲና ዘመድ የለውምና፣ እናቱ ከካዛንቺስ ሦስት ሽማግሌዎች ለመኑለት። ከእነርሱም አንደኛው የእድሩ ዳኛ ነበሩ። ሦስቱም በሌሊት ተነሥተው በሕዝብ ማመላለሻ ደብረ ሲና ወረዱ። ከልጅቱ አባት ቤት ደርሰው ቁጭ በሉ ቢባሉ፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ፤ ተለምነውም ተቀመጡና ነገሩን አቀረቡ።

አባትየው በጸጥታ ካዳመጡ በኋላ፣ «ልጁ በሬዲዮ ይናገር እንደ ነበር ሰምቼአለሁ። ይሁን እንጂ ለአገሩ ባዳ ለሰው እንግዳ ነው። ማን ያውቀዋል?» ሲሉ ጠየቁ።

የእድሩ ዳኛ በዚህ ጊዜ ቀላሉን መልስ ሊመልሱ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን እንዲህ አሉ። «ሽማግሌ ዋሽቶ ያስታርቃል ይባላል፤ ዋሽቶ መዳር ግን ነውር ነው። ይህን ልጅ ከእናቱ ጀርባ ጀምሮ እናውቀዋለን። አባቱ ሲሞት ድንኳኑን የተከልነው እኛ ነን። ክፉ ነገር አላየንበትም። ነገር ግን ሥራ ከያዘ ወዲህ ድንኳን ሲተከልም ሆነ ቀብር ሲወጣ በመካከላችን አልቆመም። ጡሩምባ ነፊው ሲጣራ አይሰማም። ድምፁን ዕለት ዕለት እንሰማለን፤ እሱን ራሱን ግን ካየነው ሰባት ዓመት ይሆናል።»

ሌሎቹ ሁለቱ ሽማግሌዎች አቀረቀሩ። አባትየው ግን አልተቈጡም። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እውነት ነገራችሁኝ። እንግዲህ እናንተም የምታውቁት ልጅነቱን ነው። ልጄን የሚያገባት ትልቁ ሰው ነው። አንድ ዓመት ከእኛ ጋር ይኑርና እኛው እንወቀው» ብለው ሽማግሌዎቹን በክብር አስተናግደው ሸኙ።

ወዳጄ እጅግ ተናደደ። የእድሩን ዳኛ እንደ ከሐዲ ቈጠራቸው። ወደ አስተማሪዋም ሄዶ፣ «አንቺም ዝም ብለሽ ትቀበያለሽ? የተማርሽ አይደለሽምን?» አላት። እርስዋም፣ «አባቴ የጠየቁት እኔም ልጠይቅህ ፈልጌ ያፈርሁትን ነው። ካንተ በቀር ሌላ አላስብም፤ እሱን አትፍራ። ዓመቱን ግን ቀን እየቈጠርህ አታሳልፈው፤ ኑርበት» አለችው።

ወገኖቼ፣ «ኑርበት» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። አነስተኛ ከተማ ገነት አይደለችም። መብራት ሲጠፋ ቶሎ አይመጣም፤ የሚፈለገው መድኃኒት በአቅራቢያ አይገኝም፤ ሐሜትም አለ፤ ጧት ያስነጠሰውን ሰው ማታ «እንዴት አደረ ጉንፋንህ?» ብሎ የማያውቁት ሰው ይጠይቀዋል። ወዳጄም መጀመሪያ ይህ ሁሉ አስመርሮት ነበር። በመጀመሪያው ለቅሶ ላይ እንደ ልማዱ ማስታወሻ ይዞ ጥግ ቆመ። አንድ ሰው መጥቶ ማስታወሻውን ከእጁ ተቀበለና የድንኳን ገመድ አስያዘው። ቀጥሎም አግዳሚ ወንበር አሸከሙት። በሐምሌ ዝናብ መቃብር ሲቈፈር ዶማ ተቀብሎ ቈፈረ። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላም የእድር አባል እንዲሆን ተፈቀደለትና ስሙ በመዝገብ ገባ። በወሩ ስብሰባ ጸሓፊው ስም ሲጠራ፣ የእርሱም ስም ተጠርቶ «አቤት» አለ። «በሬዲዮ ስሜን ስንት ሺህ ጊዜ ጠርቼ ይሆናል፤ ያን ቀን ግን ሌላ ሰው ጠራኝ፣ እኔም እዚያው ነበርሁ» ብሎኛል።

ዓመቱ ሲፈጸም ሽማግሌ ከካዛንቺስ ማምጣት አላስፈለገውም። ሦስት የደብረ ሲና ሰዎች ራሳቸው ተነሥተው ወደ አባትየው ቤት ሄዱ። ከመካከላቸው አንደኛው እኒያ ስማቸው ያልተጻፈላቸው የተሰነጠቀው ቤት ባለቤት ነበሩ። አባትየው ዘንድሮም ደንቡን ሳያጓድሉ፣ «ማን ያውቀዋል?» ብለው ጠየቁ። አዛውንቱም፣ «እኔ አውቀዋለሁ» አሉ። ሌላ ነገር አልተጨመረም፤ ልጅቱ ተፈቀደች። ለሠርጉም ወዳጄ የካዛንቺሱን የእድር ዳኛ በክብር ጠርቶ ጉልበታቸውን ስሞ ይቅርታ ጠየቀ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ብፈጽመው እንደ ውጭው ፊልም በሠርግ ባለቀ ነበር። እኔ ግን ስለ ሰኞው ልነግራችሁ ቃል የገባሁ ያህል ነው።

በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት የካዛንቺስ አሮጌ ሠፈር መፍረሱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ምክንያት የቀበሌ ሆነው የቆዩት ቤቶች ብዙዎቹ ተነሡ፤ ነዋሪዎቹም ገላን ጉራ ወደ ተባለው መንደርና ወደ ሌሎችም የከተማው ዳርቻዎች ተዛወሩ። በዚያ ያገኘው ቤት ከቀድሞው የተሻለለት ሰው አለ። ነገር ግን ቤት በመኪና ይጫናል፤ ጉርብትና አይጫንም። አንዱ ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ ሲዛወር፣ የአርባና የኀምሳ ዓመት ቡና አጣጭ ተለያየ። የእድሩ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት እንኳ የማን ይሁን የሚለው ብርቱ ጥያቄ ነበረ።

ወዳጄ ይህን ሲሰማ ከባለቤቱ ጋር ከደብረ ሲና መጣ። የእናቱን ዕቃ ከጫነ በኋላ የጎረቤቶቹን ጫነ፤ በመጨረሻም የእድሩን ዳኛ ዕቃ አድርሶ አልጋቸውን ገጠመላቸው። ማታ ከአዲሱ ቤት ደጃፍ ላይ ሁለቱ ተቀምጠው ሳለ፣ መንገዱ ላይ የሚያልፈው ሰው ሁሉ እንግዳ ነበርና፣ ዳኛው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ። በካዛንቺስ እርሳቸው ሲያልፉ ተቀምጦ የሚቀር ሰው አልነበረም። ከዚያም እንዲህ አሉ።

«አየህ ልጄ፤ እኔንስ ዛሬ እዚህ ማን ያውቀኛል?»

ወዳጄም፣ «አባባ፣ አንድ ዓመት ይኑሩበት፤ እነርሱው ያውቁዎታል» ሲል መለሰላቸው። ሽማግሌው ሳቁ። በሳምንቱም ደብተር ገዝተው የአዲሶቹን ጎረቤቶች ስም ቤት ለቤት እየዞሩ መመዝገብ ጀመሩ። የመጀመሪያው የእድር ስብሰባ የተደረገው በዚያው በደጃፋቸው ነው።

የተከበራችሁ ወገኖች፤ ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል። አዲስ ሕይወት በጣርማ በር ማዶ ተቀምጦ የሚጠብቀን ዕቃ አይደለም። ወዳጄን የለወጠው የደብረ ሲና ጉም አይደለም፤ የልጅቱም ውበት ብቻ አይደለም። ስሙ ሲጠራ «አቤት» ማለቱ፣ የሌላውንም ሰው ስም መጠየቁ ነው። ይህን ሳያውቅ የሄደ ሰው ሰባት ከተማ ቢቀያይር በሰባቱም እንግዳ ሆኖ ይኖራል። ይህን ያወቀ ግን በካዛንቺስም፣ በቂርቆስም፣ በዳርቻው አዲስ መንደርም ትንሿን ከተማውን ሊመሠርት ይችላል።

ስለዚህ የዝውውር ደብዳቤ የደረሰህ ወንድሜ፣ የደረሰሽም እኅቴ፣ ደብዳቤውን እንደ ቅጣት ቈጥራችሁ ሻንጣችሁን ሳትፈቱ አትኑሩ። ከሠፈራችሁ የተነሣችሁ ወገኖችም፣ የቀድሞውን ጎረቤት አትርሱ፤ የአዲሱንም ጎረቤት ስም ጠይቁ። ባላችሁበት የቀራችሁትም ብትሆኑ፣ የእድር መዋጮአችሁን በሰው እጅ የምትልኩ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

እኔም ይህን ንግግር ከማዘጋጀቴ በፊት አንድ ነገር አድርጌአለሁ። በመሥሪያ ቤታችን በር ላይ ለብዙ ዓመታት «እንደምን አደርህ» እያልኩ የማልፈው አንድ ዘበኛ አለ። ትናንት ጧት ቆም ብዬ ስሙን ጠየቅሁት። እርሱ ግን ስሜን ሳልነግረው አስቀድሞ ያውቀው ነበረ።